ቢጫው ከረጢት

የእናቴን ኮምፒውተር የገደልኩት እኔ መሆኔን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አውቄ ኖሬያለሁ። ጠርጥሬ አላልኩም፤ አውቄ ነው ያልኩት። የገደልኩትም በአንድ ከረጢት ቺፕስ ነው። የሚስቅ ይሳቅ።

እኛ ታይዋኖች ማሽን እንዲታዘዝልን ስንፈልግ አረንጓዴውን ከረጢት እናስቀምጥበታለን። የኮኮናት ቺፕስ ነው፣ ልጅ ሁሉ የሚበላው፤ ላዩ ላይ «ጨዋ ሁን» ተብሎ ተጽፎበታል። የባንክ ኮምፒውተር ላይ አለ፣ ሆስፒታል አለ፣ ባቡር ጣቢያ አለ። ሕግ አለው ደግሞ። አረንጓዴ ብቻ ነው የሚሆነው። የመበያ ጊዜው ማለፍ የለበትም። ከማሽኑ ላይ አንስቶ የሚበላው ሰው ጉድ ይፈላበታል። ቢጫው፣ ቅመም ያለው ማለቴ ነው፣ አጠገቡም አይደርስም፤ ቢጫ ያየ ማሽን ይቆማል። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ መሐንዲሶች ይህን ሲፈጽሙ አይቻለሁና በአሥር ዓመቴ ማመኔ አያስገርምም።

ሱቃችን ዩዋንሊን ከተማ፣ ከአትክልት ገበያው ጀርባ ነው። ሥራችን በተማሪ ሸሚዝ ደረት ላይ ስምና ቁጥር መጥለፍ ነው። ድሮ ጥልፉን የሚሠራው አጎንግ ነበር። አጎንግ የምንለው አያታችንን ነው፤ የአባቴ አባት። ንድፍ ሳያስፈልገው፣ በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና፣ ሸሚዙን ከመርፌው ሥር እያዟዟረ ስም ይጽፍ ነበር። ከዚያ እናቴ፣ ስሟ ሲዮልዋን ነው፣ አባቴን አግብታ መጣች፣ ኮምፒውተር የሚያዘው ትልቅ የጥልፍ ማሽን ገዛች፣ የአጎንግ መኪናም አበባ ያለበት ጨርቅ ለብሳ ጥግ ያዘች። ከዚያ ወዲህ አማትና ምራት አፍ ለአፍ ገጥመው ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ እሁድ እሁድ ብቻ ነበር የሚመጣው። ስለዚህ በልጅ ጭንቅላቴ ነገሩ ግልጽ ነበር፤ እናቴ የአያቴን ሥራ ቀምታዋለች፣ ሁለቱም አይዋደዱም።

በዚያ ዓመት ሙቀቱ እንደጀመረ ስክሪኑ ላይ አንድ መስኮት ብቅ ማለት ጀመረ። አዲሱ የኮምፒውተር ሥርዓት ተዘጋጅቶልዎታል ይላል። ከሥሩ ሁለት ቁልፎች አሉ፤ አንዱ «አሁን»፣ ሌላው «ዛሬ ማታ»። «አልፈልግም» የሚል የለም። እናቴ ጥጉ ላይ ያለችውን ትንሽ የመዝጊያ ምልክት ፈልጋ ትጫናለች፤ በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል።

«እንቢ ካልኩ እንቢ ነው፤ ሰው አይደለህም እንዴ፣ አትሰማም?» ትለዋለች ስክሪኑን።

ምክንያት ነበራት። የጥልፍ ፕሮግራሙ አሮጌ ነው። የገጠመላት ቴክኒሺያን፣ ሥርዓቱ አፕዴት የተደረገ ዕለት ይህ ፕሮግራም አይከፈትልሽም ብሏታል። ስለዚህ ሦስት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ከመስኮቱ ጋር ስትጨቃጨቅ ከረመች። ማንም ሰው ያንን ማውስ እንዳይነካ አዛለች። አጎንግም ጭምር።

በጨረቃ አቆጣጠር ሰባተኛው ወር ገባ፤ ሙታን የሚመለሱበት፣ ቤት ማደስም ነውር የሆነበት የመናፍስት ወር። በዚያው ወር መጨረሻ ሰኞ ቀን ትምህርት ቤት ይከፈታል፣ እኛም ከወንዙ ማዶ ላለው ትምህርት ቤት ስድስት መቶ ሸሚዝ ማድረስ አለብን። በዚያ ዓመት ከታይቹንግ አንድ ትልቅ የዩኒፎርም ድርጅት መጥቶ ሥራውን ለእኔ ስጡኝ እያለ ትምህርት ቤቱን ደጅ ይጠና ነበር። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ አንድ ቀን ብትዘገዩ ውሉ የእነሱ ነው ብሎ በግልጽ ለእናቴ ነግሯታል። ያ ውል ከሄደ ሱቁ ይዘጋል። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም፤ ግን እናቴ ሩዝ ስትጠብስ ማማሰያውን ከምጣዱ ጋር የምታጋጭበት ድምፅ ተለውጦ ነበር።

ረቡዕ ቀን ለመናፍስቱ ግብር የሚቀርብበት ነው። ጎረቤቱ ሁሉ በየደጁ ጠረጴዛ ዘረጋ። እኛም ዶሮ፣ አናናስ፣ የታሸገ ኑድልና የቺፕስ ከረጢት ደረደርን። ዕጣኑ ነዶ ሳያልቅ ከጠረጴዛው ምንም አይነሳም፤ ቀድመው የሚበሉት እነሱ ናቸው። እኔ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ሆዴ ይጮሃል። ሙታን ጠግበው እስኪነሱ ማን ይጠብቃል? ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን አረንጓዴ ከረጢት አነሳሁና መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ገብቼ በላሁት። እስከ መጨረሻዋ ፍርፋሪ።

ባዶውን ከረጢት ሳየው ነው ሕጉ ትዝ ያለኝ። ዕጣኑ ሲያልቅ ሮጬ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ። የነበረው ቢጫ ብቻ ነው። ጣቴን እየላስኩ ትንሽ አሰብኩ፤ ከባዶ ይሻላል አልኩ። ቢጫውን አስቀመጥኩና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞርኩት።

ምሳ ተበልቶ መንደሩ ሁሉ ተኛ። እኔ እንቅልፍ ከየት ይምጣ። ቢጫውን ላነሳው ቆርጬ በእግር ጣቴ ከፎቅ ወረድኩ። አጎንግ በካናቴራ ኮምፒውተሩ ፊት ቆሟል። ስክሪኑ ድፍን ሰማያዊ ሆኖ መሀሉ ላይ ነጭ ክብ ይሽከረከራል። አሥራ ሁለት በመቶ። ኮምፒውተርዎን አያጥፉ።

አጎንግ ዞር ብሎ አየኝ። ቀጥሎ ዓይኑ ወደ ከረጢቱ የሄደ መሰለኝ። ከዚያ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

እኔም የእኔን አደረግኩ። ገባኝ። አይቶኛል፣ ማን እንዳጠፋ አውቋል፣ አልናገርብሽም እያለኝ ነው። በሕይወቴ ሰውን እንደዚያ ወድጄ አላውቅም።

እናቴ ስትነቃ ሰማይ ተደፋ። አዲሱ ሥርዓት ገብቷል፣ ጌጠኛ ነው፣ እንኳን ደህና መጡ ይላል። የጥልፍ ፕሮግራሙ ግን አልከፈት አለ። ሁለት መቶ ሰማንያ ሸሚዝ ቀርቷታል። እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ወደ ደጅ ወጣች፤ መንገዱ መሀል፣ በግብሩ ጠረጴዛዎች መካከል ቆመች።

«ቤቴ ገብተው፣ እኔ ተኝቼ፣ ዕቃዬን ቀያየሩት! በዚህ ወር ሙት እንኳ ወደ ሰው ቤት የሚመጣው ተጠርቶ ነው፣ ጠረጴዛ ተዘርግቶለት ነው። እነዚህን ማን ጠራቸው? በመናፍስት ወር ቤት የሚያድስ ሰው አያችሁ? እነሱ ያድሳሉ!»

ቶፉ ሻጯ ወይዘሮ ፋን በሳቅ ፈነዳች። እናቴ አልሳቀችም። ሥርዓቱን የሠራውን ኩባንያ ከነዘር ማንዘሩ ስትሰድብ እስከ መንገዱ ጫፍ ተሰማ። እኔ ጠረጴዛ ሥር ቁጭ ብዬ እያንዳንዱን ስድብ ለራሴ እቀበላለሁ። ከሁሉም ያስጨነቀኝ ደግሞ አንድ ነገር ነው፤ ቤት ውስጥ «ማን ነካው?» ብላ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀችም። አውቃለች፣ ራሴ እስክናገር እየጠበቀችኝ ነው አልኩ።

ማታ ላይ፣ እራት ሲጠጋ፣ ከማድ ቤት ድምፅ ሰማሁ። አጎንግ ዝግ ባለ ድምፅ ስለ አባቴ፣ ስለ እሁድ የሆነ ነገር ይላል። እናቴ አቋረጠችው።

«እርስዎ ዝም ይበሉ። መጮሁን ለእኔ ይተዉት።»

ሥራውን የቀማችው አንሶ ሽማግሌ ሰው ዝም በል ትላለች? ስለ እኔ ሊማልድልኝ ነበር እኮ የፈለገው። ያን ምሽት እናቴን ጠላኋት። ጠላኋት ነው የምለው፤ አላሳምረውም።

በማግስቱ ጠዋት ለቴክኒሺያኑ ደወለች፤ ከሳምንት በፊት አልደርስም አላት። ቀጥላ ለፕሮግራሙ ሻጭ ደወለች። ድምፅዋ ማር የሆነ ልጅ፣ የእርስዎ ፕሮግራም ከገበያ ወጥቷል፣ በአዲሱ ሥርዓት ላይ የሚሠራው ዘጠና ሺ ዩዋን ነው አለቻት። እናቴ ደግሞ፣ እነሱ በነጻ አበላሹት፣ እናንተ በዘጠና ሺ ታስተካክሉታላችሁ፣ ተማክራችሁ ነው ወይስ እንዲያው ገጠመላችሁ ብላ ዘጋችው። ከዚያ እጄን ይዛ ወደ ባቡር ጣቢያ።

ታይቹንግ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የቀለጠ ፕላስቲክ በሚሸትበት ጥግ፣ አቹዋን የሚባል ቀጭን ሰው ነበር። መደርደሪያው ባዶ ነው፤ የሚሸጠው ኮድ ስለሆነ ዕቃ አያስፈልገውም። የፕሮግራሙን ስም ስትነግረው ትንሽ ብጣሽ ወረቀት ላይ አዲሱን የሚከፍት ረጅም ቁጥርና ፊደል ጻፈ። አምስት መቶ ዩዋን።

«እውነተኛ ነው?» አለችው።

«እትዬ፣ ኮዱ እውነተኛ ነው፣ ፕሮግራሙም እውነተኛ ነው። ዋጋው ብቻ ነው ውሸት የሚመስለው።»

«ከየት አመጣኸው?»

«እኔ ቀሚስዎን ከየት ገዙት ብዬ ጠየቅኩ?»

እናቴ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። ወረቀቷን እኔ እንድይዝ ሰጠችኝ፤ ባቡር ውስጥ በላብ እንዳትርስ በሁለት ጣቴ አንጠልጥዬ ያዝኳት። ይሄ ሌብነት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«ይህን ፕሮግራም አንዴ በሙሉ ዋጋ ገዝቼዋለሁ፤ የወርቅ ሐብሌን ሸጬ ነው» አለችኝ። «ዛሬ የገዛሁት የራሴን ዕቃ ነው።»

ልክ ነበረች ወይ? አላውቅም። ዛሬ እኔ ሱቁ ውስጥ ሙሉ ዋጋ ነው የምከፍለው፣ ለአቹዋን ዓይነቶቹም ጥብቅና አልቆምም። ግን እናቴ ተኝታ ሳለ የገዛችውን ዕቃ ከጥቅም ውጭ ያደረገ ሰው ስለ ሌብነት ሊያስተምረኝ ቢመጣ ዓይኑን አያለሁ እንጂ ጆሮዬን አልሰጠውም።

ኮዱ ሠራ። ሐሙስ ማታና ዓርብ ማሽኑ ሲንጣጣ ዋለ። ቢጫውን ከረጢት በድብቅ ጣልኩና በኪሴ ሳንቲም አረንጓዴ ገዝቼ አስቀመጥኩ፤ ተፈታ አልኩ በልቤ። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ መርፌው በአንድ ልጅ ስም መሀል ቀጥ አለ። ስክሪኑ፣ ይህ ፈቃድ በአርባ ሦስት ኮምፒውተሮች ላይ በመገኘቱ ተሰርዟል አለ።

እናቴ ደወለች። አቹዋን ሳያፍር፣ እትዬ፣ በአምስት መቶ ዩዋን ሁለት ቀን ሠርቶልዎታል፣ ለቀን ቢያካፍሉት ርካሽ ነው አላት። እናቴም፣ እናትህን ልሰድብ አስቤ ነበር፣ እሷ ግን አንተን መውለዷ ይበቃታል ብላ ስልኩን ወረወረችው። ከዚያ ወለሉ ላይ፣ ሸሚዞቹ መሀል ተቀመጠች። የቀሩትን አንድ በአንድ ቆጠረች። መቶ አሥራ አራት ሸሚዝ ቀርቷል። ሁለት ቀን የማይሞላ ጊዜ።

አጎንግ ከወንበሩ ተነሳ። ጥግ ሄዶ ያንን አበባማ ጨርቅ ገፈፈው። መኪናዋን ዘይት አጠጣት፣ ጎማውን በእጁ አንዴ አዞረው፣ መነጽሩን በካናቴራው ጠረገ።

«ነይ፣ ስሞቹን ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» አለኝ። «ዓይኔ ዝርዝሩን አያየውም። እጄ ግን ፊደሉን አልረሳውም።»

ያን ቀንና እሁድን ሙሉ ስም አነበብኩ። አጎንግ እግሩ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ሸሚዙ በጣቶቹ መሀል ይዞራል፣ ስሙ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። አባቴ እሁድ መጥቶ አንዲት ቃል ሳይጠይቅ መቀስ አንስቶ ክር መቁረጥ ጀመረ። እናቴ ብቸኛዋን ማራገቢያ ወደ አጎንግ አዞረች፤ ሩዝና እንቁላል አምጥታ አጠገቡ አስቀመጠች፤ ሲበርድ ወስዳ አሞቀችው፣ መልሳ አመጣችው። እኔ ዝም በል ባለችው ተጸጽታ ነው አልኩ። አጎንግ ደግሞ ጣቱን በመርፌ እየተወጋ የእኔን ኃጢአት እየከፈለ ነው። ስልሳኛው ሸሚዝ ላይ አልቻልኩም፤ ንባቤን አቁሜ ዓይኔ እንባ ሞላ።

«አጎንግ፣ ልናገር» አልኩት በሹክሹክታ።

ደንገጥ ብሎ ወደ እናቴ ገልመጥ አደረገ። ከዚያ እንደ ረቡዕ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

ሰኞ ጠዋት በሦስት ጎማ ብስክሌት ስድስት መቶውን ጭነን ወንዙን ተሻገርን። ጸሐፊው ሸሚዞቹን አገላበጠና አፍንጫውን ነፋ። እነዚህ ከእነዚያ ጋር አይመሳሰሉም፣ ይህኛው «ሊን» የሚለው ስም ወፍራም ነው፣ ይህኛው ዘንበል ብሏል አለ።

«ልጆቹስ ይመሳሰላሉ?» አለችው እናቴ። «ስሙን አንብብ። ልክ ነው? ቁጥሩን አንብብ። ልክ ነው? እንግዲያው ፈርም።»

ጸሐፊው ኩም አለ። ፈረመ።

ሱቅ ስንመለስ እናቴ የጨርቅ መቀሷን አነሳች። በዚያ መቀስ ወረቀት የቆረጠ ሰው እራት አይበላም ነበር። የኢንተርኔቱን ገመድ ያዘችና በአንድ ጊዜ ቆረጠችው። በሳምንቱ ቴክኒሺያኑ ከነአሮጌ ዲስኩ መጥቶ የድሮውን ሥርዓትና የድሮውን ፕሮግራም መለሰላት። ያ ኮምፒውተር እስከ ዛሬ ከየትኛውም ገመድ ጋር አልተገናኘም። ባለፈው ወር አንድ ወጣት ሻጭ መጥቶ፣ እህቴ፣ ይሄ እኮ አደገኛ ነው፣ ጊዜው አልፎበታል አለኝ። ጊዜው ያለፈበት ከላዩ ያለው ቺፕስ ከሆነ ንገረኝ፣ እቀይረዋለሁ አልኩት።

አጎንግ ባለፈው ክረምት አረፈ። በመቃብር መጥረጊያ በዓል እናቴና እኔ ሣሩን እየነቀልን ሳለ ሆዴ አልችል አለ። አጎንግ ያኔ ስለ እኔ ብሎ ዝም ማለቱን መቼም አልረሳው አልኳት።

«ስለ አንቺ?» አለች ቀና ብላ። «እሳቸው ናቸው እኮ የነኩት።»

ሣሩን እንደያዝኩ ቀረሁ። በዚያው ቀን፣ ገና ስትነቃ፣ ወደ ደጅ ወጥታ ከመጮኋ በፊት አጎንግ ራሱ ነግሯታል። መስኮቱ ኮምፒውተርዎን ከሌባ እንጠብቅልዎ ይል ነበር፤ እሱም ልጠብቅላት ብሎ «አሁን» የሚለውን ተጫነ። ማታ ማድ ቤት ውስጥ ደግሞ እሁድ ለልጄ እኔ ነኝ ብዬ ልናገር ብሎ ለመናት። ዝም ይበሉ ያለችው ለዚያ ነው። መንገድ ላይ ወጥታ ኩባንያውን የሰደበችውም ማንም ሰው ዓይኑን ወደ ቤታችን እንዳያዞር ነው።

«ሥራቸውን በዚያ ማሽን ወስጄባቸው ነበር» አለች። «ጥፋቱንም ልጫንባቸው?»

ስለዚህ ያ ጣት፣ ሁለት ጊዜ ከንፈሩ ላይ ያደረገው ጣት፣ አልናገርብሽም ማለት አልነበረም። አትናገሪብኝ ማለት ነበር። አንድ ሽማግሌ የአሥር ዓመት ልጅ ለምኖ ነበር፣ እኔ ደግሞ ይቅር የተባልኩ መስሎኝ ኖርኩ።

ያኔ ቢጫውን ከረጢት ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር።

እናቴ ማጭዷን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ቢጫ?»

«ቢጫ።»

«በመናፍስት ወር? ማሽኑ ላይ?» ፊቷ ቀላ። «ታዲያ አንቺ ነሻ!»

«እናቴ፣ ቺፕስ እኮ ነው።»

«እሳቸው እኔ ነኝ እያሉ ሞቱ! ሱቅ ሲገቡ ያቺን ኮምፒውተር በሩቅ ዞረው ነበር የሚያልፏት። አሥራ አንድ ዓመት! አንዲት ቃል ብትተነፍሺ ምን ነበረበት?»

ይህኛው እውነት ነው፣ ዛሬም ያቃጥለኛል። እንደዚያ ተሸማቆ ሲያልፍ አይቼዋለሁ፤ ኮምፒውተሩን ስለሚጠላ ነው እል ነበር። ቢጫው ነው፣ እኔ ነኝ ብዬ ብነግረው ኖሮ ያምነኝ ነበር። እዚህ አገር ማን አያምንም?

እናቴ ሁለት ሳንቲም ከቦርሳዋ አወጣች። ሙታንን የምንጠይቀው እንደዚያ ነው፤ አንዱ ፊት አንዱ ጀርባ ከወደቀ እሺ ነው፣ ሁለቱም ጀርባ ከሆኑ እንቢ፣ ሁለቱም ፊት ከሆኑ ደግሞ የተጠየቀው ሙት እየሳቀ ነው ማለት ነው። ንገሪያቸው አለችኝ፣ አሁኑኑ።

ተንበረከክኩ።

«አጎንግ፣ ቢጫውን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ግን ስማኝ፣ አንተም አይደለህም፣ እኔም አይደለሁም። አንተ 'አሁን' ባትል ኖሮ አንድ ማታ ራሱ መግባቱ አይቀርም ነበር። እንቢ የሚባልበት ቦታ አልሰጡንም። ከእንግዲህ ሁለታችንም አናፍርም። ዝም ስላልኩህ ግን ይቅር በለኝ።»

ሳንቲሞቹን ወረወርኩ። ሁለቱም ፊት።

«ድገሚ» አለች እናቴ።

ደገምኩ። ሁለቱም ፊት።

ለሦስተኛው እጄን ሳነሳ እናቴ ሳንቲሞቹን ከመዳፌ ወሰደችና ኪሷ ከተተቻቸው። ከቦርሳዋ አንድ አረንጓዴ ከረጢት አውጥታ የመበያ ጊዜውን አነበበች፣ ድንጋዩ ላይም አስቀመጠችው።

«ተያቸው» አለች። «ይሳቁ።»